በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው ተገቢውን ካሳ ስለማግኘት

(በእስራኤል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወገኖች በአንድ የማኅበረሰብ ማዕከል የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ዛሬ የምናገረው በዚህ አገር መንገድ ላይ በመኪና አደጋ አካሉ የተጎዳ ሰው ለጉዳቱ የሚመጥን ካሳ ስለሚያገኝበት መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ካሳ የሚወሰነው ጠበቃውና የመድን ድርጅቱ ሲደራደሩ ይመስለናል። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ የተረዳሁት ሌላ ነው። ድርድሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ነገር አስቀድሞ ተወስኗል፤ የሚወስነውም ከአደጋው በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት በሐኪም ፋይል ውስጥ የተጻፈው፣ ከዚያም ይበልጥ ሳይጻፍ የቀረው ነገር ነው። ስለዚህ ከንግግሬ ብዙውን ጊዜ የምወስደው ስለ ፍርድ ቤት ሳይሆን ስለ ሐኪም ቤት በመናገር ነው።

በመጀመሪያ ግን ሕጉን ባጭሩ እንይ። የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ በ1975 ወጥቶ በ1976 ሥራ ላይ ዋለ፤ ዓመታቱን የምጠቅሰው በምንኖርበት አገር አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተጎዳ ሰው ካሳ ለማግኘት የሌላውን ሰው ቸልተኝነት በማስረጃ ማሳየት ነበረበት፤ ምስክር ያጣ ወይም ራሱ በከፊል ጥፋተኛ የሆነ ሰው ለዓመታት ሲከራከር ኖሮ ባዶ እጁን ሊቀር ይችል ነበር። ይህ ሕግ ጥያቄውን ከሥሩ ቀየረው። ለአካል ጉዳት ካሳ ሲባል ጥፋተኛው ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። አሽከርካሪው ከሚነዳው መኪና መድን፣ ተሳፋሪው ከተሳፈረበት መኪና መድን፣ እግረኛው ደግሞ ከገጨው መኪና መድን ይካሳል። ይህ መድን ሁላችሁም ቢቱዋህ ሆቫ በሚለው ስሙ የምታውቁት የግዴታ መድን ነው። የመኪናውን መቧጨርና መሰባበር አይመለከትም፤ የሰውን አካል ብቻ ይመለከታል።

ይህን ነጥብ አጥብቄ የምናገረው በማኅበረሰባችን ውስጥ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም አንድ ነገር ስላለ ነው። የገጨው ሰው ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ሲሆን ሽማግሌ ይላካል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ይቅርታም ይደረጋል። ይህ መልካም ልማዳችን ነው፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ነገር ግን ከዕርቁ በኋላ ተጎጂው «ይቅር ካልኩት በኋላ ካሳ ብጠይቅ ነውር ነው» ብሎ መብቱን ይተዋል። አንዲት እናት ልጃቸው በሚነዳው መኪና ውስጥ ሳሉ ቢጎዱ «ልጄን ከስሼ ልኖር ነው?» ይላሉ። የሚከሰሰው ልጁ አይደለም። የሚጠየቀው ልጁ በየዓመቱ ገንዘብ የከፈለው የመድን ድርጅት ነው፤ ያ ገንዘብ የተከፈለውም ለዚህች ቀን ነው። ፖሊስ በአሽከርካሪው ላይ የሚያካሂደው የወንጀል ምርመራ ካለ ራሱን ችሎ የሚሄድ ጉዳይ ነው፤ እናንተ ካሳ በመጠየቃችሁ አይጀመርም፣ ባለመጠየቃችሁም አይቆምም።

ሕጉ የመንገድ አደጋ የሚለው ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው። የግድ ሁለት መኪኖች እስኪጋጩ አይጠበቅም። አውቶቡስ በድንገት ፍሬን ሲይዝ በውስጡ የወደቁ አረጋዊት፣ ከአውቶቡስ ሲወርዱ በደረጃው ላይ እግራቸው የታጠፈ አባት፣ ከሚሄድ የጭነት መኪና በወደቀ ዕቃ የተመታ መንገደኛ፣ ሁሉም በዚህ ሕግ ይሸፈናሉ፤ መሳፈርና መውረድ መኪናን ከመጠቀም ይቆጠራልና። እናቶቻችን አውቶቡስ ውስጥ ወድቀው ሲነሱ አፍረው ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ በማግሥቱ ዳሌያቸው አብጦ መነሣት ሲያቅታቸው ግን የአውቶቡሱን ቁጥር የሚያስታውስ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ እዚያው ለአሽከርካሪው መናገር፣ የመስመሩንና የሰሌዳውን ቁጥር መያዝ፣ አጠገብ የነበረን ሰው ስልክ መቀበል ያስፈልጋል። ራቭ ካቭ የተባለውን የአውቶቡስ መክፈያ ካርድ ሲሳፈሩ ማስነካትም ይጠቅማል፤ በዚያ ሰዓት በዚያ መስመር ላይ እንደነበሩ ለማሳየት ይረዳል።

ከካሳው ውጭ የሚሆኑም አሉ። የግዴታ መድን ሳይኖረው ወይም ጊዜው ባለፈበት መድን ያሽከረከረ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የነዳ፣ የሰው መኪና ሰርቆ የነዳ ሰው ራሱ ቢጎዳ አይካስም። አብረውት የነበሩ ተሳፋሪዎችና የገጨው እግረኛ ግን መብታቸው አይነካም፣ የተሰረቀ መኪና መሆኑን እያወቀ ከተሳፈረ ሰው በስተቀር፤ መድን በሌለበት ወይም ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባልታወቀበት ጊዜ የሚከፍለው ካርኒት የተባለው በሕጉ የተቋቋመው ፈንድ ነው። ይሁን እንጂ ካርኒት ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ያለ መድን ወደነዳው ሰው ዞሮ ገንዘቡን ሊጠይቀው ይችላል። «መድኑን በሚቀጥለው ወር እከፍላለሁ» ብሎ መኪና ማስነሣት አንድን ቤተሰብ ለዓመታት በዕዳ ሊያስር ይችላልና ወጣቶች ይህን በደንብ ስሙኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በዚህ ሕግ መሠረት የተጎዳ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያስጻፈውን የባለሙያ ሐኪም አስተያየት ለፍርድ ቤት ማቅረብ አይችልም፤ የመድን ድርጅቱም አይችልም። ቋሚ የአካል ጉዳት መኖሩንና ስንት ከመቶ እንደሆነ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ራሱ የሚሾመው ሐኪም ነው። ያ ሐኪም እናንተን የሚያያችሁ ለአጭር ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን የሚረዳው ከኩፓት ሆሊም (ከጤና መድን ድርጅታችሁ)፣ ከሆስፒታልና ከቤተሰብ ሐኪማችሁ ከተሰበሰበው ፋይል ነው። ከዚህም አልፎ፣ በአንድ የሕክምና ዘርፍ ባለሙያ እንዲሾም ለማድረግ በዚያ ዘርፍ ጉዳት መኖሩን የሚያመለክት የመጀመሪያ ማስረጃ በፋይሉ ውስጥ ሊገኝ ይገባል። ከአደጋው በኋላ እንቅልፍ አጥቶ በየሌሊቱ እየባነነ የሚያድር ሰው ይህን ለሐኪሙ አንድም ጊዜ ካልነገረ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአእምሮ ሐኪም ይሾምልኝ ቢል የሚሰማው አያገኝም።

እዚህ ላይ ነው አስተዳደጋችን የሚጎዳን። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ብሎ ሲጠይቅ አባቶቻችንና እናቶቻችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ይህ ለእኛ ሰላምታ ነው፤ ለሰላምታ የሚሰጥ መልስ ደግሞ ምስጋና ነው። ሐኪሙ ግን የሰማውን ይጽፋል፤ «ታካሚዋ ደህና እንደሆነች ትናገራለች» ብሎ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስገባና ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። ቀጥሎ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ይነጋገራሉ፤ እናትየው ስለ ጉልበታቸው ሳያነሡ አሥሩ ደቂቃ ያልቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ የመድን ድርጅቱ ጠበቃ ያቺን አንዲት መስመር አውጥቶ «ከአደጋው ሦስት ወር በኋላ ደህና እንደነበሩ በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል» ይላል። እኚህ እናት አልዋሹም፤ ጠበቃውም የተጻፈውን ነው ያነበበው። ጉልበቱ ግን ዛሬም ያማል።

ስለዚህ ለሐኪም ሲነገር በዝርዝር ይነገር። «ሁለመናዬን ያመኛል» የሚለው አነጋገር በፋይል ላይ ሲሰፍር ምንም ነገር አያሳይም። «ግራ ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ይከዳኛል፤ ሌሊት ሕመሙ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀሰቅሰኛል፤ ቀኝ ትከሻዬ ከፍ ስለማይል ፀጉሬን መሠራት አልቻልኩም፤ ከአደጋው ወዲህ መንገድ ስሻገር ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል» ማለት ግን ሐኪሙ ራጅ እንዲያዝ፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም እንዲልክ ያስገድደዋል። ወደ ሚዩን፣ ማለትም ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል፣ መሄድ ያለበት በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ነው፤ እዚያም ጉዳቱ በመኪና አደጋ የደረሰ መሆኑ እንዲጻፍ ይጠየቅ። ሐኪም የሰጠው ቀጠሮ አይታለፍ፤ ያልተገኙበት ቀጠሮ ሁሉ «ሕመሙ አልፎለት ነው» ተብሎ ይተረጎማል።

አስተርጓሚ ስለሚያስፈልጋቸው ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ ለአያቱ እንዲያስተረጉም ይዞ መሄድ ልማድ ሆኗል። ልጁ የሚያውቀውን ያህል ይናገራል፣ ያልገባውን ይዘላል፤ አያቱም በልጁ ፊት የማይናገሩት ነገር አላቸው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ እንዲያቀርቡ ግዴታ ተጥሎባቸዋል፤ በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ ትርጉምም አለ። ይህን መጠየቅ ማስቸገር አይደለም፤ ጠይቁ፣ ካልተሰጣችሁም እንዳልተሰጣችሁ እንዲጻፍ አድርጉ።

ይህን ስል ማጋነንን እየመከርኩ እንዳይመስላችሁ። የመድን ድርጅቶች ተጎጂውን በስውር የሚከታተልና ቪዲዮ የሚያነሣ መርማሪ የሚቀጥሩበት ጊዜ አለ፤ «ዕቃ ማንሣት አልችልም» ያለ ሰው ከገበያ ከረጢት ተሸክሞ ሲወጣ ከታየ እውነተኛው ሕመሙ ጭምር ተዓማኒነት ያጣል። ከባዱን ከባድ፣ ቀላሉን ቀላል አድርጎ መናገር ትክክል ብቻ ሳይሆን ለጉዳዩም የሚበጀው እሱ ነው።

አደጋው ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ከሥራ ሲመለሱ ከደረሰ ሌላ በር ይከፈታል። ሌሊት ተነሥተው ለጽዳት ሥራ የሚወጡ እኅቶቻችንን ይህ በተለይ ይመለከታቸዋል። እንዲህ ያለው አደጋ የሥራ አደጋም ስለሆነ አስቀድሞ ወደ ቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ማለትም ወደ ብሔራዊ መድን ተቋም፣ ይኬዳል፤ አሠሪው ቅጽ 250 ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ከሥራ ለቀራችሁበት ጊዜ እስከ 91 ቀን ድረስ ከደመወዛችሁ 75 ከመቶ ይከፈላል፤ ማመልከቻውም በ12 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ብዙ ሰው ግን የማያውቀው የሚከተለውን ነው። የቢቱዋህ ሌኡሚ የሐኪሞች ኮሚቴ በሥራ አደጋ የሚወስነው የአካል ጉዳት መቶኛ በመድን ድርጅቱና በፍርድ ቤቱ ላይም አስገዳጅ ነው። ኮሚቴው ዜሮ ካለ፣ ልዩ ምክንያት ካልተገኘ በስተቀር፣ በካሳው ክርክርም ዜሮ ነው። ስለዚህ ወደ ኮሚቴው «ትንሽ አበል ቢሰጡኝ» እየተባለ ያለ ሰነድና ያለ ምክር አይገባም፤ የትልቁ ጉዳይ ፍርድ የሚሰጠው በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላልና። ውሳኔው ዝቅ ካለም በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ይግባኝ ማለት ያስፈልጋል። «እንግዲያውስ ወደ ቢቱዋህ ሌኡሚ ባልሄድስ?» ለሚል ሰው መልሱ አይሆንም ነው፤ ልታገኙ ይገባችሁ የነበረው አበል ባትጠይቁትም እንኳ ከካሳው ላይ ሊቀነስ ይችላል።

ካሳው እንዴት ይሰላል? ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ስለ ሕመምና ሥቃይ ነው። ይህ ክፍል በደንብ የታሰረ ቀመር አለው፤ ሕጉ ከፍተኛውን መጠን ወስኗል፤ ሆስፒታል ለተኛችሁበት ለእያንዳንዱ ቀን የዚያ መጠን 0.2 ከመቶ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ከመቶ ቋሚ ጉዳት ደግሞ የዚያው መጠን አንድ ከመቶ ይሰጣል፤ ዕድሜ ከ30 ሲያልፍም እየተቀነሰ ይሄዳል። እዚህ ላይ ለክርክር የሚቀር ብዙ ነገር የለም። ሰፊው ገንዘብ ያለው በጠፋ ገቢና በእርዳታ ወጪ ላይ ነው።

ለምሳሌ የ40 ዓመት ሴት በጽዳት ሥራ በወር 7,000 ሸቀል ታገኛለች እንበል፤ በወገቧ ላይ 10 ከመቶ ቋሚ ጉዳት ተወስኖባታል። ጉዳቱ ገቢዋን በዚያው ልክ ይቀንሰዋል ቢባል በወር 700 ሸቀል ነው። እስከ 67 ዓመቷ ያለው 27 ዓመት ባንድ ጊዜ አስቀድሞ የሚከፈል ስለሆነ በተለመደው በዓመት 3 ከመቶ ተቀናሽ ሲሰላ 155,000 ሸቀል ገደማ ይመጣል፤ የጡረታ መዋጮ ኪሳራው ሲታከልበት ደግሞ ይጨምራል። አሁን ይህችው ሴት ከአደጋው ሦስት ወር በኋላ ስልክ ተደውሎላት «20,000 ሸቀል እንስጥሽና ጉዳዩን እንዝጋው» ብትባል፣ ሁለት ወር ደመወዝ ላልገባላት ሴት 20,000 ብዙ ገንዘብ ነው። ስሌቱን የሚያሳያት ሰው ከሌለ ትፈርማለች። ደግሞም 10 ከመቶ የሚለው የሐኪም ቁጥር ነው፤ ወገቧን የተጎዳች ጽዳት ሠራተኛና ወገቡን የተጎዳ የቢሮ ሠራተኛ እኩል አይጎዱም። ፍርድ ቤት ጉዳቱ በሥራዋ ላይ ያለውን እውነተኛ ውጤት አይቶ ከሐኪሙ ቁጥር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ለዚህ ግን በቀን ስንት ፎቅ እንደምትጠርግ፣ ምን ያህል ውኃ እንደምታነሣ፣ ከአደጋው በኋላ አሠሪዋ ሰዓቷን ቀንሶባት እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ መቅረብ አለበት። የደመወዝ ወረቀቱ፣ ትሉሹ፣ አይጣል። በእጅ የተከፈለና የትም ያልተመዘገበ ገቢ ለማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የእርዳታ ነገርም እንዲሁ ይረሳል። እናቷን ለማጠብ፣ ለማልበስና ሐኪም ቤት ለማመላለስ ከሥራ የቀረች ልጅ ገንዘብ አልጠየቀችም፤ እናት ናቸውና። ሕጉ ግን ቤተሰብ ከተለመደው በላይ የሰጠውን እርዳታ ዋጋ እንዳለው አድርጎ ይቆጥረዋል። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደረዳ በአንድ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ የታክሲውና የመድኃኒቱ ደረሰኝም እዚያው ይቀመጥ።

ገንዘብ የቸገረው ሰው ምን ያድርግ? ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። ተጎጂው የመጨረሻው ካሳ እስኪወሰን ድረስ ለሕክምናና ለኑሮው የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ የመድን ድርጅቱም ጥያቄው ከቀረበለት በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ይህ መብት በእኛ ዘንድ ብዙ ሲሠራበት አላይም፤ ሰው በችኮላ የሚፈርመው ስለሚቸግረው ስለሆነ ግን በርትተን ልንጠቀምበት ይገባል። የመጨረሻ ክፍያ ሲሰጥ የሚቀርበው ሰነድ ከዚህ በኋላ ከዚህ አደጋ የተነሣ ምንም አልጠይቅም የሚል ነው። የፈረመ ሰው የፈረመውን እንዳወቀ ይቆጠራል፤ «ዕብራይስጥ አላነብም ነበር» የሚለው መከላከያ ከባድ ነው። ሕመሙ ሳይረጋ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ይህን ወረቀት መፈረም አይገባም። የክስ ማቅረቢያው ጊዜ 7 ዓመት ነው፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ማስረጃ መሰብሰብ ግን ከዛሬ ይጀመራል።

የጠበቃ ክፍያም በሕግ የተወሰነ ነው። ክስ ሳይመሠረት በስምምነት ካለቀ ከካሳው 8 ከመቶ፣ ክስ ተመሥርቶ በስምምነት ካለቀ 11 ከመቶ፣ በፍርድ ውሳኔ ካለቀ 13 ከመቶ ነው፤ በዚህ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። በመንገድ አደጋ ጉዳይ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ሰው ከሕግ ውጭ እየጠየቀ ነው። ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አልጋ አጠገብ የሚያስፈርም አገናኝ ካለ አትፈርሙለት።

በመጨረሻ ስለ ልጆች። የተጎዳ ልጅ የ7 ዓመቱ ጊዜ የሚጀምርለት 18 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ስለዚህ እስከ 25 ዓመቱ ክስ ሊያቀርብ ይችላል። ወላጆች በልጁ ስም የሚያደርጉት ስምምነትም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እያንዳንዱ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ኤሊዔዘር ሪቭሊን አማካይነት የሰጠው ፍርድ ነው። የመድን ድርጅቶች ይከራከሩ የነበረው፣ ገና ሥራ ያልጀመረ ልጅ ወደፊት ሊያገኝ የሚችለው ገቢ የሚሰላው በወላጆቹ፣ በመንደሩና በማኅበረሰቡ ገቢ ልክ ነው እያሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም፤ የልጅ ገቢ መነሻ የአገሪቱ አማካይ ደመወዝ ነው፣ ጾታውና የተወለደበት ወገን አይቀንሰውም ብሎ ወሰነ። አባቱ የጥበቃ ሠራተኛ፣ እናቱ ጽዳት ሠራተኛ የሆኑ የእኛ ልጅ ሲጎዳ «ከዚህ ቤተሰብ የወጣ ልጅ ያን ያህል አያገኝም ነበር» የሚል ስሌት ከቀረበላችሁ፣ በቃል ቢነገርም በወረቀት ቢጻፍም፣ ይህን ፍርድ ጠቅሳችሁ አልቀበልም በሉ።

ሰነድ ይዛችሁ የመጣችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ከፊት ወዳለው ጠረጴዛ ቅረቡ፤ የኮሚቴ ቀጠሮ ያላቸውንና እንዲፈርሙ ወረቀት የተሰጣቸውን አስቀድመን እናያለን።